ቀዳሚት ሰንበት በአረጋውያን ቤት

ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ ባጌጠችበት በዚህ በዘመነ መጸው ስለ ቀዳሚት ሰንበት ዕረፍት ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከእሑድ ጋራ ቅዳሜንም እንደምታከብር የታወቀ ነው። ይህም ብዙ ክርክር ከተደረገበት በኋላ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1450 ዓ.ም.፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጸንቷል። ነገር ግን ዕለቲቱን ማክበር ሥራን በመተው ብቻ ይፈጸማልን? መልሱን ከመጻሕፍት አስቀድመን ከአንድ ቤት እንጀምራለን።

በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ፣ ትየርኪዲ የሚባል ስፍራ አለ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች የተጠለሉበት ነው። በዚያ አቅራቢያ አንድ አረጋዊና ባለቤታቸው ይኖራሉ። እነርሱም በ1977 ዓ.ም.፣ ረኃብ በጸና ጊዜ፣ በሰፈራ ከወሎ ወደ ጋምቤላ የመጡ ናቸው። በጥቅምት ወር አንዲት ቅዳሜ በቤታቸው ውለን ነበርና ያየነውን እንጽፋለን።

ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ፣ ጕልበታቸውም የደከመ ስለሆነ ቅዳሜን በቤታቸው በጸሎት ያሳልፋሉ። አረጋዊው ከጎጆው ደጃፍ በዛፍ ጥላ ተቀምጠው የዕለቱን ዳዊት ይደግሙ ነበር። የቅዳሜው ክፍል ከ131ኛው መዝሙር እስከ 150ኛው መሆኑን ካህናት ያውቃሉ። 136ኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቋረጠ። ይህ መዝሙር በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው አገራቸውን እያሰቡ ያለቀሱትን ምርኮኞች የሚያነሣ ነውና፣ እርሳቸውም በባሮ አገር ሆነው፣ ከ40 ዓመት በኋላ፣ ወሎን አሰቡ።

በዚያው ሰዓት ባለቤታቸው ውኃ የሞላ ጀሪካን ተሸክመው ደረሱ። ከመጠለያው የመጣች፣ ፀሐይ ያደከማት፣ ሕፃን የታቀፈች አንዲት እናትም ተከትላቸው ነበር። አረጋዊው «ለእንግዳይቱ የሚቀመስ አምጪላት» ባሉ ጊዜ ባለቤታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እርስዎ ዳዊት ሲደግሙ እኔ ውኃ ስቀዳ አረፈድሁ፤ የእኔስ ሰንበት መቼ ነው?» አሉ።

ሁላችንም ዝም አልን። እኛም ከጥላው ሥር ተቀምጠን ውኃውን የምንጠብቅ ነበርንና በልባችን አፈርን። አረጋዊው ዳዊታቸውን በማኅደሩ ከተው ተነሡ፤ ጀሪካኑን ተቀብለው አወረዱ፤ የበቆሎውንም ንፍሮ በገዛ እጃቸው አቀረቡ። ባለቤታቸው በእርሳቸው ስፍራ፣ ከእንግዳይቱ አጠገብ ተቀመጡ። የአንዷን ቋንቋ ሌላይቱ ባታውቅም፣ ሕፃኑን እየተቀባበሉ ታቀፉት።

እንግዲህ ወደ መጻሕፍት እንመለስ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5፣ ቍጥር 14 እና 15፣ የሰንበት ዕረፍት ለቤቱ ጌታ ብቻ አልተሰጠም። ሎሌና ገረድ፣ በሬና አህያ፣ በደጅ ያለ መጻተኛም ሁሉ ያርፉ ዘንድ ታዝዟል። ምክንያቱንም ሲገልጥ እስራኤል በግብፅ ባሪያ እንደ ነበረ ያሳስበዋል፤ ድካምን የቀመሰ ሌላውን ያሳርፍ ዘንድ። ስለዚህ አንዱ አርፎ ሌላው የሚደክምበት ቤት ሰንበትን በእኩሌታው ብቻ አከበረ እንላለን። አባታችን አብርሃምም (ዘፍ. 18) በቀትር ሙቀት በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ እንግዶችን ባየ ጊዜ፣ ሣራን እንጎቻ እንድትጋግር ቢነግራትም፣ ራሱ በእርጅናው ወደ ላሞቹ ሮጠ። ሁለቱ አረጋውያን አብረው ደከሙ፤ የይስሐቅንም ተስፋ አብረው ሰሙ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ ደግሞ የእመቤታችንና የልጇ ስደት የሚታሰብበት ነው። ቅዳሜ ማታ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ እንቆማለን። ሕፃን ታቅፋ በደጃችን የቆመችውን ስደተኛ አልፈን ወደ ማኅሌቱ ብንሄድ ግን፣ የምናመሰግናትን እናት በመንገድ ትተናት እንደ ሄድን ይቈጠርብናል።

ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ውኃው ዓርብ ይቀዳ፤ እንጨቱም ዓርብ ይፈለጥ። ቅዳሜ እንግዳ ሲመጣ አባወራው አስቀድሞ ይነሣ። ዳዊቱ ከአፍታ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል፤ የደከመችው እናት ግን አሁን ትረፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።