ለትንንሽ ልጆች የትኛው የመዝናኛ ፓርክ ይሻላል?

ጥያቄ፦ በሚኒሶታዋ ሮቢንስዴል ለሚኖር፣ የ3 እና የ6 ዓመት ልጆች ላሉት ቤተሰብ የሚስማማው የመዝናኛ ፓርክ የትኛው ነው?

መልስ፦ ምርጫውን የሚወስኑት የልጆቹ ቁመት፣ ወቅቱና የአከፋፈሉ ሁኔታ ናቸው።

ቁመት ይቀድማል። የብዙዎቹ መጫወቻዎች መግቢያ ላይ መለኪያ አለ፤ ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ቢያለቅስም አይገባም። ልኩ የሚነገረው በኢንች ነው፤ 36 ኢንች 91፣ 48 ኢንች ደግሞ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልጆቹን ቤት ለክቶ ከፓርኩ ድረ ገጽ ጋር ማመሳከር ብዙ እንባ ያስቀራል።

ለበረዶው ወራት የሚመረጠው ብሉሚንግተን በሚገኘው ሞል ኦፍ አሜሪካ ውስጥ ያለው ኒክሎዲያን ዩኒቨርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ካምፕ ስኑፒ ተብሎ የተከፈተው ይህ ፓርክ ጣሪያ ስላለው ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ለመግባት ስለማይከፈል፣ ልጆቹን ቆማ የምትጠብቅ አያት ትኬት አያስፈልጋትም።

በበጋ ሴንት ፖል የሚገኘው ኮሞ ፓርክ ለታናሹ ይመቻል። የእንስሳት ማቆያው መግቢያ ነፃ ሲሆን፣ አጠገቡ ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀው ኮሞ ታውን አለ። በ1914 የተሠራው ባለ እንጨት ፈረስ መሽከርከሪያም እዚያው ይገኛል።

ሻኮፒ ያለው ቫሊፌር ከ1976 ጀምሮ የሚሠራ ሰፊ የበጋ ፓርክ ነው። ፕላኔት ስኑፒ የተባለ የልጆች ክፍል ቢኖረውም በር ላይ ስለሚከፈል፣ የሚያዋጣው ቀኑን ሙሉ ለሚውልና ልጆቹ ከፍ ላሉለት ቤተሰብ ነው።