ሠርግ የተለያዩ ወዳጆችን እንዴት እንደሚያገናኝ

«ተራራና ተራራ አይገናኝም፤ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል» ይላል የአገራችን ተረት። ይህን ቃል የአምባሰል ሰው በደንብ ያስተውለዋል። በአምባሰል ከዳገት ወደ ዳገት የሚተያዩ መንደሮች ለዓይን ቅርብ ቢመስሉም፣ ለመገናኘት ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና መውጣት ግድ ነውና። እኔም ስለ ወዳጅነት ጥቂት ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ ምሳሌዬን ከሩቅ አላመጣሁም፤ ባለፈው የጥር ወር ከግሸን አምባ ሥር በአንድ ጓደኛችን ሠርግ ላይ ካየሁት ወሰድሁት።

ግሸን በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደዚህ አምባ ስለ ገባ፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከአራቱ ማዕዘን ይሰበሰቡበታል። ነገር ግን ይኸው አምባ ሰው ከሰው የሚለይበትም ቦታ ነበር። የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይሻሙ ሲባል በጠባቂ ተከበው በአምባው ላይ ይኖሩ ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ስለዚህ እስር ጽፏል። እነዚያ ልዑላን የወዳጅ ሠርግ ቢጠሩ እንኳ መሄድ አይችሉም ነበር። እኛ ግን ጠባቂ ሳይቆምብን፣ በር ሳይዘጋብን፣ በገዛ ፈቃዳችን ከወዳጆቻችን ተለይተን እንቀመጣለን።

ይህን የምለው ራሴን ታዝቤ ነው። በአንድ ክፍል የተማርን አምስት ጓደኞች ነበርን። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በገባ ጊዜ ቤተ ሰቦቻችን በየአቅጣጫው ተሰደዱ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ እኔ በከተማ ከዘመዶቼ ጋር ተቀምጬ ትምህርቴን ቀጠልሁ። በዕድሜ የሚበልጠን ጓደኛችን ከአባቱ ጋር እርሻ ያዘ፤ የዛሬው ሙሽራ እርሱ ነው። አንዱ ለሥራ አዲስ አበባ ሄደ። እስላሙ ወዳጃችን በውጫሌ ገበያ ጨርቅ መሸጥ ጀመረ። የአምስተኛው ወሬ ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም።

በዚያው ዓመት የነጋዴው ወዳጄ እናት ዐረፉ። በልጅነታችን ሳያበሉ ከቤታቸው የማያስወጡን ሴት ነበሩ። እኔ ወሬውን ሰምቼ ለቅሶ አልደረስሁም። መጀመሪያ መንገዱ አስቸጋሪ ነው አልሁ፤ ቀጥሎ ፈተና ደርሶብኛል አልሁ፤ በኋላም ቀኑ በራቀ ቁጥር ዕፍረቱ እየበዛ ስልክ መደወል እንኳ አቃተኝ። ስለዚህ የሠርጉ ጥሪ ሲደርሰኝ፣ እርሱ እንደሚመጣ ስለማውቅ፣ የምቀርበት ምክንያት እፈልግ ነበር። በመጨረሻ ግን «ለለቅሶ ቀርቼ ለሠርግም ብቀር ምን ሰው ነኝ?» ብዬ ሄድሁ።

እንግዲህ ሠርግ ወዳጅን ከወዳጅ የሚያገናኝበትን መንገድ በሦስት ከፍለን እንመልከት።

አንደኛ፤ ሠርግ ጊዜ ይሰጣል። ጥር እህሉ ከአውድማ የገባበት፣ ከብቱ የጠገበበት፣ መንገዱም የደረቀበት ወር ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው ጊዜ ሠርግ ይበዛል። ስለዚህ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም መምጣት ይችላል። ያለ ምክንያት ወደ ወዳጁ ቤት መሄድ ያሳፈረው ሰው በሠርግ ጥሩ ምክንያት ያገኛል፤ ወዴት ትሄዳለህ ቢሉት «ሠርግ ተጠርቼ» ይላልና።

ሁለተኛ፤ ሠርግ ሥራ ይሰጣል። ዳስ መጣል፣ እንጨት መፍለጥ፣ ውኃ መቅዳት፣ እንግዳ ማስተናገድ ሁሉ የጓደኛና የጎረቤት ድርሻ ነው። በወሎ ደግሞ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ሠርግ ስለሚጠሩ፣ ለእስላም እንግዶች በራሳቸው ሰው ታርዶ ለብቻ ተሠርቶ ይቀርባል። በዚህ ምክንያት ማንም ሃይማኖቱ የከለከለውን ሳይበላ፣ ማንም ከደስታው ሳይቀር ይውላል። አብሮ መሥራት ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመነጋገር ይቀላል፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አንደበትም ቀስ በቀስ ይፈታል።

ሦስተኛ፤ ሠርግ ኃላፊነት ይሰጣል። ሚዜ ሙሽራውን ለማጀብ ብቻ የሚቆም አይደለም። ከሠርጉ በኋላ ለሙሽራይቱ እንደ ወንድም ይቆጠራል፤ ባልና ሚስት ቢጋጩ አስቀድሞ የሚሰማ እርሱ ነው። ስለዚህ ሚዜነት ወዳጅነትን ከልጅነት ጨዋታ ወደ ቤተ ሰብነት ያሸጋግረዋል።

አሁን ወደ ታሪኬ ልመለስ። ሙሽራው ነገራችንን ያውቅ ኖሮ እኔንና ነጋዴውን ወዳጄን በአንድ ሥራ ላይ መደበን፤ እንግዶችን እጅ እንድናስታጥብ። እርሱ መታጠቢያውን ያዘ፤ እኔ ውኃውን አፈሰስሁ። ያን ሁሉ ሰው ስናስታጥብ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ዕቃውን ከእጄ ተቀብሎ «አንተም ታጠብ» አለኝ። ውኃው በእጄ ላይ ሲፈስ «እናታችንን አላህ ይማራቸው። ለቅሶ አልደረስሁህም፤ በድዬሃለሁ» አልሁት።

እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «ያኔ አገሩ ሁሉ በስደት ነበር፤ ለቅሶ ያልደረሰኝ ብዙ ነው። እኔን ያስከፋኝ ከዚያ በኋላ ዝም ማለትህ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «አባቴ ቤት አሉ፤ ነገ ለእርሳቸው ንገራቸው» አለ።

በማግሥቱ አብሬው ሄድሁ። አባቱ ስማቸውን ጠርቼ ስላዝን «እንኳን መጣህ ልጄ» አሉኝ፤ ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። ዓመታት የፈራሁት ነገር ያለቀው አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ ባለ ጊዜ ነው።

በሠርጉ ማታ ማሲንቆ ሲመታ ከዳሱ ጥግ ተሰብስበን ነበር። ከአገራችን አራት ዋና ቅኝቶች፣ ማለት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው። ባለማሲንቆው በትዝታ ሲጀምር ወሬው ያልተሰማውን አምስተኛውን ጓደኛችንን አነሣን። ከአዲስ አበባ የመጣው ጓደኛችን በአጠገቡ ክፍት ቦታ ትቶ ተቀመጠ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀውም።

ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍልን የምንፈጽም ሁሉ በቅርብ ጊዜ እንበተናለን። አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ወደ ሥራ፣ አንዱም ወደ ባዕድ አገር ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ የተማርሁትን በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ወዳጅ ሲጠራችሁ ሂዱ። ለቅሶ ብትቀሩ ዓመት ቢያልፍም ሄዳችሁ አጽናኑ፤ የዘገየ ማጽናናት ከዝምታ ይሻላልና። ለመገናኘትም ሠርግ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ሠርግ የሚያገናኘው በሕይወት ያለውንና የሚገኝበት የታወቀውን ብቻ ነው።

ግሸን ላይ የነበሩት ልዑላን ከአምባው የሚወርዱት ሌላ ሰው ሲፈቅድላቸው ነበር። እኛ ግን የምንጠብቀው ፈቃድ የለም።