አባ ጡረታ ከወጣ በኋላ ለምን ይቆጣል?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ከተማችንም አብራ ተቆረቆረች። ስለዚህ በየቤታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ አባት ወይም አያት አይጠፋም።

በአገራችን መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። አባታችሁ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእረፍቱ ይደሰታል። ከዚያ ግን ሱብሒ ሰግዶ፣ ለባብሶ መሄጃ ያጣል። ረፋዱ ላይ «ሻዩ ቀዘቀዘ» ብሎ ይቆጣል።

«አርጅቶ ነጭናጫ ሆነ» አትበሉ። ቁጣው ብዙ ጊዜ ሐዘን ነው። የቀረበት ደሞዝ ብቻ አይደለም። ትናንት «ይሄ እንዴት ይጠገናል?» የሚሉት ብዙ ነበሩ፤ ዛሬ የሚጠይቀው የለም። እናንተ በፍቅር «አባ፣ አንተ አታስብ፣ እረፍ» ስትሉት እሱ የሚሰማው «ከእንግዲህ አታስፈልግም» የሚል ነው።

አላህ በሱረቱል ኢስራእ ወላጆቻችን ሲያረጁ በመልካም ቃል እንድናናግራቸው አዞናል። «ምን ትመክረኛለህ?» ማለትም መልካም ቃል ነው።

ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ አንድ ጉዳያችሁን አማክሩት፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር ወይም ስለተበላሸው ቧንቧ። ለይስሙላ አይሁን፤ የመከራችሁን ሥሩበት። መስጂድም አብራችሁት ሂዱ። ከሥራ ጡረታ ይወጣል፤ ከዒባዳ ግን ጡረታ የለም።

አላህ የወላጆቻችንን ሐቅ የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን!

ጁሙዓ ሙባረክ!