ጽኑ ሕመምተኛው የተኛው እናንተ ዋርድ ውስጥ ነው

ይህን የምጽፈው በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በማህፀን ዋርድ ለምትሠሩ ነርሶችና ጠቅላላ ሐኪሞች ነው። ጽኑ ሕሙማን ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ቬንትሌተርና ሞኒተር ያለበት የተለየ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ላንሴት ላይ የታተመው ጥናት ግን በ22 የአፍሪካ አገሮችና ግዛቶች፣ በ180 ሆስፒታሎች የተኙ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ታካሚዎችን አይቶ፣ ከስምንቱ አንዱ በጽኑ የታመመ መሆኑን አገኘ። ከእነዚህ 69 በመቶ ያህሉ የተኙት በተራ ዋርድ ነበር። በሰባት ቀን ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ሞቷል።

እኔን ከዚህ በላይ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። መተንፈስ ካቃታቸው ኦክስጅን ያገኙት ግማሽ አልሞሉም። ራሳቸውን ከሳቱት መካከልም የአየር መንገዳቸው የተጠበቀላቸው ወይም በጎናቸው የተኙት ከግማሽ በታች ናቸው። ኦክስጅን አንዳንዴ ያልቃል፤ ይህ በእናንተ አይፈረድም። ሰውን በጎኑ ማስተኛት ግን በጀት አይጠይቅም፤ አልጋው ድረስ ሄዶ ማየትን እንጂ። አንገቱ ተጎድቷል ተብሎ ለሚጠረጠረው ብቻ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ።

ስለዚህ ተራችሁን ስትረከቡ መድኃኒት ከማደላችሁ በፊት ዋርዱን አንድ ጊዜ ዙሩ። ትንፋሽን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። በግምት «20» ተብሎ የተሞላ ቻርት ሕመምተኛውን ይደብቀዋል። አዋቂው በደቂቃ ከ30 በላይ ወይም ከ8 በታች የሚተነፍስ፣ ኦክስጅኑ ከ90 በመቶ በታች የወረደ፣ የላይኛው የደም ግፊቱ ከ90 ያነሰ፣ ወይም ሲጠሩት የማይመልስ ከሆነ፣ የምርመራ ውጤት አትጠብቁ። ማድረግ የምትችሉትን እየጀመራችሁ ተረኛ ሐኪሙን ጥሩ።

በደም ሥር ስለሚሰጥ ፈሳሽ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ እዚህ ላይ ደግ ሐሳብ ጉዳት አድርሷል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ ነበር። ፈሳሽ በፍጥነትና በብዛት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ 10.5 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ናቸው። በዛምቢያም ሴፕሲስ ይዟቸው ግፊታቸው የወረደ አዋቂዎች፣ አብዛኞቹ ኤችአይቪ ያለባቸው፣ ተጠንተዋል። ፈሳሽን ቶሎ መስጠትን፣ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒትንና ደምን ባካተተው አሠራር ከታከሙት 48.1 በመቶ፣ በተለመደው ከታከሙት 33 በመቶ ሞተዋል። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ይህ ማለት ፈሳሽ ይቅር ማለት አይደለም። በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበት ልጅ የሕፃናቱ ጥናት ውስጥ አልነበረም፤ እሱ ፈሳሹ ያስፈልገዋል። ግን አንድ ከረጢት ሲያልቅ ሁለተኛውን ከመስቀላችሁ በፊት ትንፋሹን እንደገና ቁጠሩ፣ ሳንባውን አዳምጡ። ትንፋሹ ከበፊቱ ከፈጠነ ወይም ሳንባው ውስጥ ውሃ የሚመስል ድምፅ ከተሰማ፣ ፈሳሹን አቁማችሁ ሐኪሙን አማክሩ።

ፈሳሹ እየጠቀመ መሆኑን ለማወቅ ላክቴት የሚለካ ላቦራቶሪ ከሌላችሁ ጣታችሁ አለ። በአምስት የላቲን አሜሪካ አገሮች በሴፕቲክ ሾክ የተያዙ 424 ሰዎች ተጠንተው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ። ግማሾቹ በላክቴት፣ ግማሾቹ የተጫነ ጣት ደም በሚመለስበት ፍጥነት እየተመሩ ታከሙ። በ28 ቀን ከመጀመሪያዎቹ 43.4 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 34.9 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ ለጥቂት አላለፈም፤ እኔ ግን ዘዴውን በየዋርዱ ባየው ደስ ይለኛል። የጣቱን ጫፍ እስኪነጣ ተጭናችሁ 10 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ቁጠሩ። ቀለሙ በ3 ሰከንድ ካልተመለሰ የደም ዝውውሩ ገና አልተስተካከለም። በጥናቱ ይህ እስኪስተካከል ድረስ በየ30 ደቂቃው ይደገም ነበር።

በርክክብ ጊዜ በአልጋ ቁጥር አትጀምሩ፤ መጀመሪያ የሚያሰጋችሁን ሕመምተኛ ስም ጥሩ። ቀጥሎ የሚለካበትን ሰዓት ቻርቱ ላይ ጻፉ። ለአስታማሚውም «ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ወይም ጠርታችሁት ዝም ካለ፣ በማንኛውም ሰዓት ጥሩኝ» በሉት። ሲጠራችሁ ቶሎ ሂዱ፤ አንዴ የተቆጣችሁት አስታማሚ ሁለተኛ አይጠራም።