ጭንቀትን በሥዕል ማቃለል

ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ሐሳብ አይለየውም። ዝናብ ሲዘገይ፣ ከብት ሲታመም፣ የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ፣ ልጅ ርቆ ሄዶ ወሬው ሲጠፋ ማን አይጨነቅም? መጨነቅ የስንፍና ወይም የፍርሃት ምልክት አይደለም። ነገር ግን ጭንቀት ከልክ ሲያልፍ ሰውነትን ይጎዳል፤ የቤተሰብንም ሰላም ያውካል። ስለዚህ ጭንቀት ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚቃለል ማወቅ ያስፈልጋል።

ጭንቀት በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

አንድ ሰው ማታ በመንገድ ሲሄድ ጅብ ቢያጋጥመው ልቡ በኃይል ይመታል። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጡንቻው ይወጠራል። ይህ እንዲሆን ከሚያደርጉት ውስጥ ከኩላሊት በላይ የሚገኙ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። እነዚህ ዕጢዎች ከአንጎል ትእዛዝ ሲደርሳቸው ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃሉ። ከነዚህ አንዱ ኮርቲሶል ይባላል። ይህም ሰውየው እንዲሮጥ ወይም ራሱን እንዲከላከል ይረዳዋል። ጅቡ ሲሄድ ሰውነትም ይረጋጋል።

ዕዳ ግን እንደ ጅብ ተባሮ አይሄድም። ሌሊትም አብሮ ያድራል። ሐሳብ ቀን ከሌሊት ሲመላለስ ሰውነት ዕረፍት ያጣል። በዚህም የተነሣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ራስ ያማል፤ ምግብ አልበላ ይላል፤ በትንሽ በትልቁ መቆጣት ይመጣል። አንዳንዱ ሰው ሐሳቡን ለመርሳት ወደ አረቄ ቤት ይሄዳል። ስካሩ ሲለቀው ግን ሐሳቡ እዚያው አለ፤ ኪሱ ደግሞ ባዶ ሆኗል። ቁጣውም የሚያርፈው በሚስትና በልጅ ላይ ይሆናል።

ሥዕል ምን ይጠቅማል?

ጭንቀትን ከሚያቃልሉት ነገሮች አንዱ በጸጥታና በእርጋታ ሥዕል መሣል ነው። «ሥዕልማ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እኔ ምን አውቄ!» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሥዕል ለመሸጥ ወይም ለሰው ለማሳየት አይደለም። እርሳስ መያዝ የቻለ ሁሉ ይሠራዋል።

በአሜሪካ አገር በሚገኘው በድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ታትሞ ወጥቷል። በጥናቱ 39 ጎልማሶች ለ45 ደቂቃ እንደፈለጉ እንዲሥሉና በሸክላ ጭቃ እንዲሠሩ ተደረገ። ከሥራው በፊትና በኋላ ምራቃቸው ሲመረመር፣ ከመቶ 75 በሚሆኑት ላይ ኮርቲሶል ቀንሶ ተገኘ። ልምድ ያለውም የሌለውም እኩል ተጠቅሟል። በቀሩት ላይ ግን አልቀነሰም። እንግዲህ ይህ ዘዴ ብዙ ሰው ይረዳል እንጂ የሁሉ መድኃኒት አይደለም ማለት ነው።

ነገሩ ለባላገር እንግዳ አይደለም። መሶብ የምትሰፋ ሴት ከመሐል ጀምራ ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች፣ አለላውን እየቆጠረች ዙሪያውን ትሄዳለች። ቁጥሩ እንዳይሳሳት ዓይኗም እጇም ልቧም በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ሥዕሉም የሚሠራው እንደዚሁ ነው።

አሠራሩ

1ኛ/ ከሥራ በኋላ ጸጥ ያለ ቦታ ተቀመጡ። እርሳስና ወረቀት ያዙ። ወረቀት ከሌለ በእንጨት አቧራ ላይ፣ ወይም በከሰል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መሣል ይቻላል።

2ኛ/ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ። ሲያስወጡ ከመሳቡ ይበልጥ ይዘግዩ። ይህን 5 ጊዜ አድርጉ።

3ኛ/ በመሐል አንድ ነጥብ አድርጉ። ከነጥቡ ተነሥታችሁ እንደ መሶብ ስፌት ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ አስምሩ። የእርሳሱን ድምፅ ስሙ፤ መሥመሩን ተከተሉ።

4ኛ/ ሐሳብ ወደ ዕዳው ወይም ወደ ጠቡ መሸሹ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ራሳችሁን አትቆጡ። በሬ ከትልሙ ሲወጣ ገበሬው ይመልሰዋል እንጂ እርሻውን ጥሎ አይሄድም። ሐሳብንም እንደዚሁ ወደ መሥመሩ መልሱት።

5ኛ/ መሥመሩ ቢጣመም አትሰርዙ። 15 ደቂቃ ያህል ሲሆን አቁሙ።

ጎረቤት አይቶ «ምነው ጋሼ፣ እንደ ልጅ መሬት ይጭራሉ?» ቢል፣ «በሬ ሲመሽ ከቀንበር ይፈታ የለም እንዴ? እኔም ሐሳቤን ልፍታው ብዬ ነው» ብሎ መመለስ ነው።

ከሥዕሉ በኋላስ?

ሥዕል ዕዳ አይከፍልም፤ ዝናብም አያመጣም። ጥቅሙ ልብ ሲረጋ ማሰብ መቻሉ ነው። የተቆጣ ሰው በሬውን በርካሽ ይሸጣል፤ የረጋ ሰው ግን ከሚስቱ ጋር ይመክራል፣ የመክፈያው ቀን እንዲራዘምለትም ሄዶ ይጠይቃል። ስለዚህ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ «ነገ የምሠራው አንድ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ራስን መጠየቅና መልሱን ከሥዕሉ ሥር መጻፍ ጥሩ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሥራና ምግብ ካስተወ፣ ሥዕል ብቻውን አይበቃም። ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ ደግሞ ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ይህ እንደ ወባ ሁሉ የሚታከም በሽታ ነው፤ የሚያሳፍር አይደለም።

ጥያቄዎች

1. ጭንቀት ሲበዛ በሰውነት ላይ ምን ምን ይታያል?
2. አረቄ ጭንቀትን የማያቃልለው ለምንድን ነው?
3. ሐሳብ ከመሥመሩ ሲወጣ ምን ይደረጋል?
4. ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?
5. ዛሬ ማታ ሥዕሉን ሠርታችሁ፣ ነገ የምትሠሩትን አንድ ነገር ከሥሩ ጻፉ።