ከአድካሚ የብስክሌት ጉዞ በኋላ እንዴት እንረፍ?

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ ብስክሌት ነው። አንዳንዶቻችን በጅዳ ሠፈሮች ከበቃላ ወደ ቤት ዕቃ እናደርስበታለን። ሌሎቻችን የታክሲውን ለመቆጠብ ወደ ሥራ እንሄድበታለን። ዓርብ ማለዳ ኮርኒሽ ዳር የምንነዳም አለን። ስለ መንዳቱ ብዙ እናወራለን፤ ከወረድን በኋላ ስላለው ሰዓት ግን እምብዛም አንነጋገርም። እኔ ግን ዋናው ነገር እዚያ ላይ ነው እላለሁ። ድካም በመጋደም ብቻ አይወጣም፤ ተራ አለው። መጀመሪያ ሙቀቱን ማውጣት፣ ቀጥሎ ውሃና ጨው መተካት፣ ከዚያ መብላት፣ በመጨረሻም መተኛት ነው።

እረፍት የሥራው ግማሽ ነው

በ2016 (እ.ኤ.አ.) ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ያ ውድድር በሦስት ሳምንት ውስጥ 21 ቀን ይነዳበታል፤ የእረፍት ቀን በአብዛኛው ሁለት ብቻ ነው። ታዲያ እዚያ ላይ ጉልበት ያለው ሁሉ አይዘልቅም። የሚዘልቀው ማታ በደንብ በልቶ፣ በደንብ ተኝቶ፣ ጠዋት እንደገና መነሳት የቻለ ነው። በእረፍት ቀናቸው እንኳ ብዙዎቹ እግራቸው እንዳይተሳሰር ቀለል አድርገው ይነዳሉ። የእኛም ነገር ከዚህ አይለይም። ነገ ሥራ አለብን፤ የዛሬው ድካም ወደ ነገ ከተሸጋገረ ከሦስት ቀን በኋላ ሰውየው መንገድ ላይ ይወድቃል።

1ኛ. ሙቀቱን ማውጣት

ፔዳል ስንረግጥ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ኃይል ጎማውን የሚያዞረው ከአራት እጅ አንዱ ያህል ነው። ሦስቱ እጅ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እየነዳን ሳለን ነፋሱ ላባችንን ያደርቅልናል፣ ያቀዘቅዘናል። ስንቆም ግን ነፋሱ በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ውስጣችን ያለው ሙቀት ግን ገና አልወጣም። ብዙ ሰው ራሱን የሚያዞረው ከወረደ በኋላ የሆነውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ እግር ድንገት ሲቆም ደም ወደ ታች ይወርድና ሰው ሊስት ይችላል።

ስለዚህ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች በዝግታ ንዱ። ከወረዳችሁ በኋላ ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ ጥላ ወይም ኤሲ ያለበት ግቡ፣ ሄልሜቱንና የረጠበውን ልብስ አውልቁ፣ ራሳችሁንና አንገታችሁን አርጥባችሁ ማራገቢያ ፊት ተቀመጡ። ጅዳ ባሕር ዳር ስለሆነች አየሯ እርጥብ ነው፤ ላብ ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም። የሚያቀዘቅዘን ደግሞ የሚደርቀው ላብ ነው። ስለዚህ ጅዳ ላይ ኤሲና ቀዝቃዛ ሻወር ይሻላል። መካ አየሩ ደረቅ ስለሆነ እርጥብ ጨርቅና ነፋስ ጥሩ ይሠራል።

ስለ መካ ካነሳን፣ ሕክምናው ራሱ ከዚያ የተማረው ነገር አለ። በሐጅ ወቅት በሙቀት ለሚወድቁ ሰዎች የተሠራ የማቀዝቀዣ አልጋ አለ፤ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ኮጋሊና ዋይነር የተባሉ ሐኪሞች በሕክምና መጽሔት አስተዋውቀውታል፤ ስሙም በመካ ይጠራል። በሽተኛው መረብ ላይ ይተኛና ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ጉም ይረጭበታል፤ ከዚያ ጋር ለብ ያለ አየር ይነፍስበታል። ለምን ለብ ያለ? ቆዳ በጣም ከቀዘቀዘ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ሰውየውም ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጥ ደግሞ ሙቀት ይፈጥራል። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት አጭር ነው፦ ውሃ ብቻውን፣ ነፋስም ብቻውን ሳይሆን ሁለቱ አንድ ላይ።

2ኛ. ውሃና ጨው

ላብ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ጨውም ይዞ ይወጣል። ምን ያህል እንደወጣ ለማወቅ ሚዛን ካላችሁ ከመንዳት በፊትና በኋላ ተመዘኑ። አንድ ኪሎ ከቀነሳችሁ አንድ ሊትር ያህል ላብ ወጥቷል ማለት ነው። ለመተካት ለእያንዳንዱ የጎደለ ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። 68 ኪሎ የነበረ ሰው 66.5 ከሆነ ሁለት ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ሚዛን ከሌለ ሽንታችሁን እዩ፤ ፈዛዛ ቢጫ ጥሩ ነው፣ የጠቆረ ከሆነ ገና ይቀራል።

ንጹሕ ውሃ ብቻ በብዛት መገልበጥ ግን አደጋ አለው። በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም መንፈራገጥ ያመጣል። ከፋርማሲ የሚገኘው ኦአርኤስ ጥሩ ነው። ከሌለ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በልክ ጨምሩ፤ ማንኪያው የተከመረ አይሁን። ጨዋማ ላባንም ይረዳል።

3ኛ. መብላት

በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ አንድ ነገር ቅመሱ፤ ባዶ የሆነው ጡንቻ ምግብን ፈጥኖ የሚቀበለው ያኔ ነው። አምስት ተምር ወደ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሰጣል፤ አንድ ሙዝ ወደ 25 ግራም። ከአገር ቤት የመጣ በሶ ያለው ሰው ደግሞ ምን ሌላ ይፈልጋል? የአባቶቻችን የመንገድ ስንቅ እኮ ነው። በጨውና በውሃ ሲበጠበጥ የጎደለውን ለመመለስ ይረዳል።

ቀጥሎ ጡንቻውን የሚጠግን ፕሮቲን ያስፈልጋል። ሦስት እንቁላል ወደ 18 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ላባን ወደ 8 ግራም ይሰጣል፤ ለአንድ ጊዜ ይበቃል። ፉል በተሚስ፣ ሩዝ በዶሮ፣ ምስር ወጥ፣ ሁሉም መልካም ነው። ውድ ዱቄት መግዛት አያስፈልግም፤ ያ ገንዘብ ለቤተሰብ ይላክ።

በጾም ወቅት የምትነዱ፣ ከባዱን መንገድ ከማፍጠሪያ በኋላ አድርጉት፤ የማይቻል ከሆነ ወደ ማፍጠሪያው አስጠጉት። ተምሩና ውሃው ወዲያው እንዲደርስላችሁ ነው።

4ኛ. እንቅልፍና ማግሥቱ

ጡንቻ የሚጠገነው በብዛት በእንቅልፍ ነው። አዋቂ ሰው ከ7 ሰዓት ያላነሰ መተኛት አለበት። ስምንት ሆነን በአንድ ክፍል፣ በተለያየ ፈረቃ ስንኖር ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም መነጋገር ይቻላል፦ የሚተኛ ሰው ሲኖር መብራት ይጥፋ፣ ስልክ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን። ማታ ቡናና የኃይል መጠጥ ይቅር፤ የጠፋውን እንቅልፍ አይተኩም።

በማግሥቱ እግር ቢከብድ 30 ደቂቃ ቀስ ብሎ መንዳት ወይም መራመድ ያፍታታል። መቀመጫ አካባቢ የተላጠ ቆዳ ካለ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ በእርጥብ ሱሪ መዋል ቁስል ያመጣል። ሕመም ማስታገሻ፣ በተለይ ብሩፌን፣ ውሃ ሳትተኩና ሽንታችሁ ሳይጠራ አትውሰዱ፤ ውሃ የጎደለውን ኩላሊት ይጎዳል።

ድካም ያልሆነ ድካም

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሐጅ ወቅት መካ ላይ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ መንግሥት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ያለ ፈቃድ የመጡ፣ መጠለያ ሳይኖራቸው በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። ሙቀት ጎበዝ ሰነፍ አይልም።

ጓደኛችሁ ከጉዞ በኋላ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ የሚለውን ካላወቀ፣ ከተንገዳገደ ወይም ከሳተ ድካም አይደለም፤ የሙቀት ምት ነው። ላብ ስላለው ደህና ነው አትበሉ፤ በሥራ የሚመጣው የሙቀት ምት ላብም እያለ ይመጣል። ፓናዶል አይጠቅምም። ወዲያው 997 ደውሉ፤ አምቡላንስ እስኪደርስ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ፣ አቀዝቅዙት። ትልቅ ገንዳ ካለ ጭንቅላቱን ደግፋችሁ እስከ አንገቱ በቀዝቃዛ ውሃ ንከሩት። ከሌለ ውሃ አፍሱበት፣ አራግቡለት፣ በረዶ በብብቱና በአንገቱ አድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ አትስጡ። በማግሥቱ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረበትም ሰው ጡንቻው እየፈረሰ ኩላሊቱን ሊዘጋ ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ኢቃማ የለኝም ብሎ ተደብቆ የሚተኛ ወንድም ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ይህ በሽታ በሰዓት ውስጥ ይገድላል።

ከደጋ የመጣ አዲስ ሰው ደግሞ ለሙቀቱ የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው ሥራ አምስተኛውን እጅ ብቻ፣ በየቀኑም ያንኑ ያህል እየጨመረ ይሥራ። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ መሆኑንም እወቁ።

ብስክሌት የማትነዱ እኅቶቻችን፣ ቀኑን ሙሉ በጋለ ኩሽና የምትቆሙም፣ ይኸው ትምህርት የእናንተም ነው።

ለውይይት

ሀ. በክፍላችን ኦአርኤስ፣ ጨውና ስኳር የት እንደተቀመጠ ሁላችንም እናውቃለን?
ለ. በዚህ ወር አዲስ የመጣው ማነው? ማንስ ይከታተለዋል?
ሐ. 997 የሚደውለውና አድራሻችንን በዓረብኛ መናገር የሚችለው ማነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ ሳትመልሱ ስብሰባውን አትበትኑ። በሰላም ያገናኘን።