ቅሪተ አካሉን ከቦታው አታንሡ

ማለዳ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሳላ መንጋ ተመልክቶ ወደ ሰመራ የሚያቀና ተማሪ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ሐዳር ሲደርስ ከሕያዋኑ እንስሳት ወደ ጥንታውያኑ ይሻገራል። በዚያ ስፍራ የዝሆንና የጉማሬ ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል። ድንቅነሽ ወይም ሉሲም የተገኘችው እዚያው፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን ያወቅነው በደለሉ መካከል ከተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየም-40 በ1.25 ቢሊዮን ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ ከፊሉም ወደ አርጎን-40 ጋዝ ይለወጣል። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ያመልጣል፤ ማዕድኑ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚፈጠረው ግን በውስጡ ታስሮ ይቀራል። በ3.2 ሚሊዮን ዓመት ከ1000 የፖታሲየም-40 አቶሞች የሚለወጡት ከ2 ያነሱ ናቸው፤ ይህን ጥቂት መጠን በመለካት አመዱ የወደቀበት ዘመን ይሰላል። ከአመዱ ንጣፍ በታች የተቀበረ አጥንት ከዚያ ዘመን ይቀድማል፤ ከበላዩ ያለው ደግሞ ይከተላል።

እንግዲህ አንድ አጥንት ያለ ምዝገባ ከቦታው ከተነሣ፣ ከየትኛው ንጣፍ እንደ ወጣ ማወቅ ያዳግታል፤ ዕድሜውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በጉዟችሁ ቅሪተ አካል የሚመስል ነገር ብታዩ ሳትነኩ ለአስጎብኚያችሁ አሳዩት።